ጋዜጠኛዋ የሰንበት መምህርት አይዳ ዌልስ

በዚህ ክፍል የምታነቡት አይዳ ዌልስ ስለምትባል አሜሪካዊት ጋዜጠኛና መምህርት ነው። ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ያደገችበት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቱ ከእኛ የተለየ ነው። ይሁን እንጂ በየሰንበቱ መጽሐፍ ቅዱስ ታስተምር ስለ ነበረ ታሪኳ ለሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ባዕድ አይሆንበትም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ የምትፈልጉ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ።

አይዳ የተወለደችው ሐምሌ 16 ቀን 1862 በአሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት፣ ሆሊ ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ያን ጊዜ በእኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ ነግሠው ነበር። አባቷ አናጢ፣ እናቷ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ነገር ግን ሁለቱም ባሮች ስለ ነበሩ ልጃቸውም ከእናቷ ማኅፀን ስትወጣ በሕግ የሌላ ሰው ንብረት ነበረች። እናቷ ገና ልጅ ሳለች ከወላጆቿ ተለይታ የተሸጠች ናት። ነፃ ከወጣች በኋላ ዘመዶቿን ለማግኘት ወደ ተወለደችበት አገር ደብዳቤ ብታስጽፍም አንዳቸውንም ሳታገኝ ሞታለች።

ባርነት በ1865 በሕግ ቀረ። ወዲያው በከተማይቱ ለጥቁሮች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የአይዳ እናት ልጆቿን ወደዚያ ስትወስድ እርሷም አብራ ተቀመጠች፤ መጽሐፍ ቅዱስን ራሷ እስክታነብም ድረስ ከልጆቿ ጋር ተማረች። እስቲ አስቡት፤ እናትና ልጅ በአንድ ቤት ፊደል ሲቆጥሩ! አይዳም ማንበብ እንደ ቻለች ለአባቷና ለጓደኞቹ ጋዜጣ ታነብላቸው ነበር። እነዚያ ትልልቅ ሰዎች በአንዲት ትንሽ ልጅ አፍ የአገራቸውን ወሬ ይሰሙ ነበር።

በ1878 ቢጫ ወባ የሚባለው በሽታ በከተማይቱ ገባ። አይዳ 16 ዓመቷ ነበር፤ በገጠር በአያቷ ቤት ሳለች አባቷና እናቷ በአንድ ቀን ልዩነት መሞታቸውን ሰማች። ጡት የሚጠባውም ወንድሟ አብሮ ሞተ። ሰዎች ወደ ከተማይቱ እንዳትገባ ለመኗት። ሰው የሚጭን ባቡር መሄዱን ስላቆመ ግን በዕቃ ጫኝ ባቡር ተሳፍራ ሄደች። ቤት ስትደርስ አምስት ታናናሾቿ እየጠበቋት ነበር። ከእነርሱም አንዲቱ እኅቷ መራመድ የማትችል ነበረች።

አባቷ አባል የነበረበት ማኅበር ሰዎች ተሰብስበው ልጆቹን ለየቤቱ ሊያከፋፍሏቸው መከሩ። ትንንሾቹን ሴቶች የሚወስዱ፣ ወንዶቹን አናጢነት ለማስተማር የሚቀበሉ ተገኙ። መራመድ የማትችለውን የሚወስድ ግን አልተገኘም፤ ወደ ድኾች ቤት እንድትገባ ተወሰነ። አይዳ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ሰማች። ሲጨርሱም ወንድሞቿንና እኅቶቿን ማንም እንደማይለያቸው፣ ሥራ ከተገኘላት እርሷ እንደምታሳድጋቸው ነገረቻቸው። ከዚያም ትልቅ ሰው መስላ እንድትታይ ቀሚሷን አስረዝማ ለመምህርነት ተፈተነችና አለፈች። በወር 25 ዶላር የሚከፈላት የገጠር ትምህርት ቤት መምህርት ሆነች።

ትምህርት ቤቱ ከቤቷ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። ሳምንቱን እዚያው አስተምራ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በበቅሎ ትመለሳለች። ቅዳሜና እሑድ ልብስ ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ምግብ ስታበስል ውላ እንደገና በበቅሎ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሜምፊስ ከተማ ተዛወረች። ሜምፊስ በቴነሲ ክፍለ ግዛት በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ የዓለም ካርታ ካላችሁ ፈልጓት። በዚያም በመምህርነት ስትሠራ አንድ ቀን ለሴቶች በተለየው የባቡር ፉርጎ ቲኬት ቆርጣ ተቀመጠች። ተቆጣጣሪው ግን ጥቁር ስለ ሆነች ተነሽ አላት፤ እምቢ ስትል በኃይል ጎትተው አወጧት። እርሷም ባቡሩን ያስተዳድር የነበረውን ኩባንያ ከሰሰች። በ1884 ፍርድ ቤቱ 500 ዶላር ካሣ ፈረደላት። ኩባንያው ይግባኝ ብሎ በ1887 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ገለበጠው፤ ይባስ ብሎ የክሱን ወጪ እንድትከፍል አዘዘ። በዚያን ጊዜ የተሰማትን ኀዘን በማስታወሻ ደብተሯ ጽፋዋለች።

ስለዚህ ክስ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ላይ የጻፈችው ጽሑፍ የጋዜጠኝነቷ መጀመሪያ ሆነ። አዮላ በሚል የብዕር ስም መጻፍ ቀጠለች። የምትጽፈው በቀላል ቋንቋ ነበር፤ ብዙ ያልተማረ ሰው እንዲረዳት ስለ ፈለገች ረጅም ቃል በአጭር ሲተካ ረጅሙን አትጽፍም ነበር። በ1889 «ነፃ ንግግር» የሚል ትርጉም ያለው ስም የነበረውን የሜምፊስ ጋዜጣ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በድርሻ ገዝታ አዘጋጅ ሆነች። በ1891 የጥቁር ልጆች የሚማሩባቸው ቤቶች የተጎሳቆሉ መሆናቸውን ጻፈች። እርሷ ራሷ በዚያው ከተማ ትምህርት ቤቶች ተቀጥራ የምታስተምር ስለ ነበረች ሹማምንቱ ከሥራ አስወጧት። ሥራዋን ከማጣቷ ይልቅ ያሳዘናት ግን ስለ ልጆቻቸው የጻፈችላቸው ወላጆች አለመደገፋቸው ነው።

ከዚያ በኋላ መተዳደሪያዋ ጋዜጣው ብቻ ሆነ። በየከተማው እየዞረች ደንበኛ ትመዘግብ ነበር። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች እንኳ ጋዜጣውን ገዝተው በሚያነብላቸው ሰው ያስነብቡት ነበርና አንዳንድ አታላይ ሻጮች ሌላ ጋዜጣ ያ ነው እያሉ ይሸጡላቸው ጀመር። አይዳም መላ አገኘች፤ ጋዜጣዋን ሮዝ ቀለም ባለው ወረቀት ላይ አሳተመችው። ከዚያ ወዲያ ፊደል የማያውቀውም ሰው በቀለሙ ለየው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል፤ ልጆች፣ ይህን ክፍል ከታላቆቻችሁ ጋር ብታነቡት መልካም ነው።

በሜምፊስ ዳርቻ ሦስት ጥቁር ወጣቶች፣ ቶማስ ሞስ፣ ካልቪን ማክዶዌልና ዊል ስቱዋርት፣ የሸቀጥ ሱቅ ይሠሩ ነበር። ቶማስ ሞስ ቀን ቀን ደብዳቤ የሚያድል የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሲሆን፣ እርሱና ሚስቱ የአይዳ የቅርብ ወዳጆች ነበሩ፤ ሴት ልጃቸውም የክርስትና ልጇ ናት። በዚያው ሰፈር ቀድሞ ብቻውን ይሸጥ የነበረ ነጭ ባለ ሱቅ ገበያው ስለ ተቀነሰበት ጠላቸው። በ1892 መጋቢት መጀመሪያ ላይ በሱቁ አካባቢ ጥቁርና ነጭ ልጆች ብይ ሲጫወቱ ተጣሉ። በብይ የተነሣው ጠብ ወደ አባቶች ተሻገረ። ሱቁ ይመታል የሚል ወሬ ስለ ተሰማ ባለ ሱቆቹ ጠባቂ አቆሙ። ሌሊት የጦር መሣሪያ የያዙ ሰዎች በጓሮ ሲመጡ ጠባቂዎቹ ተኮሱ፤ ሦስት ሰዎች ቆሰሉ። የቆሰሉት የመንግሥት ሰዎች ሆነው ተገኙ። ሦስቱ ባለ ሱቆች ታሰሩ። መጋቢት 9 ቀን ሊነጋጋ ሲል መንጋ ሰው እስር ቤቱን ገብቶ አወጣቸውና ከከተማ ውጭ በባቡር ሐዲድ አጠገብ በጥይት ገደላቸው። ችሎት አልቆሙም፤ ምስክርም አልተሰማባቸውም። ገዳዮቹም አልተቀጡም።

እንዲህ ያለው ያለ ፍርድ በመንጋ መግደል በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ የተለመደ ነበር። አይዳ ያን ቀን ለጋዜጣው ሥራ ሌላ ከተማ ነበረች፤ ስትመለስ ወዳጇ ተቀብሮ ቆያት። ቀድሞ እርሷም እንደ ብዙዎቹ፣ እንዲህ የሚገደሉት ብርቱ ወንጀል የሠሩ ይሆናሉ ብላ ታስብ ነበር። ቶማስ ሞስን ግን ታውቀዋለች፤ በደሉ ሱቅ መክፈቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሌሎቹንስ ነገር ማን መረመረው ብላ ጠየቀች።

በጋዜጣዋም ሕዝቡ ሕይወቱንና ንብረቱን የማትጠብቅለትን ከተማ ትቶ እንዲወጣ ጻፈች። በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁሮች ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ምዕራብ ተሰደዱ፤ ምእመናኑን ይዞ የሄደ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይም ነበረ። የቀሩት በከተማው ትራም መሳፈር ተዉ። የትራሙ ኩባንያ ኃላፊዎች ገቢያቸው ሲቀንስባቸው ወደ ቢሮዋ መጥተው ሕዝቡን እንድታግባባላቸው ለመኗት። አይዳ ንግግራቸውን በጋዜጣው አወጣችው፤ በተከታዩም እሑድ ወደ ሁለት ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ሄዳ ሕዝቡ በእግሩ መሄዱን እንዲቀጥል መከረች። ሌሎች ጋዜጦች ስደተኞቹ በምዕራብ በረሃብ አለቁ እያሉ ሲያስፈራሩም እርሷ ራሷ እስከ ኦክላሆማ ተጉዛ ያየችውን ጻፈች።

ከዚያም የሌሎቹን ሟቾች ነገር አንድ በአንድ መረመረች። ግንቦት 21 ቀን 1892 ባወጣችው አጭር ጽሑፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስምንት ጥቁሮች መገደላቸውን ገልጣ፣ ለመግደያ ምክንያት ሆኖ የሚነገረው ክስ ብዙ ጊዜ ሐሰት መሆኑን ጻፈች። በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን፣ መንጋው የጋዜጣውን ቢሮ ሰባብሮ አጠፋው። የሥራ ባልደረባዋ ሸሽቶ አመለጠ። አይዳ በዚያ ጊዜ ለጉባኤ ወደ ሰሜን ሄዳ ነበር፤ ብትመለስ እንደምትገደል መልእክት ደረሳት። ቤቷን፣ ገንዘቧንና ወዳጆቿን ባንድ ቀን አጣች። ከዚያ ሮዝ ጋዜጣ ሙሉ ቅጂ ለእኛ አልተረፈልንም፤ የምናውቀው ሌሎች ጋዜጦች ቀድተው ያወጡትን ያህል ነው። ሜምፊስ ለአይዳ ሐውልት ያቆመችላት በ2021 ነው።

በኒው ዮርክ የአንድ ጥቁሮች ጋዜጣ ተቀበላት፤ የመረመረችውንም ከነስሙ፣ ከነቀኑና ከነቦታው እየጠቀሰች አወጣች። አብዛኛውን ማስረጃ የወሰደችው ነጮች ራሳቸው ከሚያሳትሟቸው ጋዜጦች ነበር፤ ያም ውሸታም እንዳይሏት ነው። ይህ ብልህነቷ ለእኔ ከድፍረቷ አያንስም። በ1893ና በ1894 ወደ እንግሊዝ አገር ተጠርታ በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየአዳራሹ ተናገረች።

በ1895 ፈርዲናንድ ባርኔት የሚባል የቺካጎ ጠበቃና ጋዜጠኛ አገባች። ሥራ ስለ በዛባት ሠርጉ ሦስት ጊዜ ተላልፎ ነበር። አራት ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያ ልጇን ጡት እያጠባች በየስብሰባው ትዞር ነበር፤ ሁለተኛው ሲወለድ ግን ታዘጋጀው የነበረውን የቺካጎ ጋዜጣ ተወች። ከዚህ በኋላ ያለው ሕይወቷ በአብዛኛው የቤት፣ የሰፈርና የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነው፤ ስለ እርሷ የሚጽፉ ሰዎች በሜምፊስ ያለውን ጊዜ አስፍተው ይህን ያሳጥሩታል። እኔ ግን ለእናንተ ይህኛው እንዲያመልጣችሁ አልፈልግም።

በ1897 በቺካጎ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ለጥቁር ሕፃናት መዋዕለ ሕፃናት እንዲከፈት ረዳች። ቆይታም በሌላ ቤተ ክርስቲያን ለወጣት ወንዶች የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ማስተማር ጀመረች። ተማሪዎቿ በየሰንበቱ ምንባቡን አንብበው ነገሩ ለዕለት ኑሯቸው ምን እንደሚያዝ ይወያዩ ነበር። በነሐሴ 1908 እዚያው ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ፣ መንጋ ሰው የጥቁሮችን ቤት አቃጠለ፤ ሰዎችም ተገደሉ። በተከታዩ እሑድ አይዳ ስለዚህ ለተማሪዎቿ ተናገረች። ከመካከላቸውም አንዱ እኛ ምን ማድረግ እንችላለን ብሎ ጠየቃት። እርሷም ቢያንስ ተሰብስበን እንምከር ብላ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ጠራቻቸው። የመጡት ጥቂቶች ነበሩ። በየሳምንቱ ግን መሰብሰባቸውን አላቋረጡም።

በዚያን ጊዜ ከደቡብ ወደ ቺካጎ የሚመጡ ወጣቶች ማደሪያ አልነበራቸውም። የክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር የሚባለው እንኳ ጥቁሮችን አይቀበልም ነበር፤ ከመጠጥ ቤትና ከቁማር ቤት በቀር የሚቀበላቸው አልተገኘም። አይዳና ተማሪዎቿ በ1910 መጠጥ ቤት በበዛበት መንገድ ላይ ቤት ተከራይተው ከፈቱ። አንድ የጋዜጣ ባለቤት የሆነ ባለጸጋና ባለቤቱ ገንዘብ ሰጡ። ከታች የንባብ ክፍል፣ ከላይ መኝታ ነበረው፤ ሥራ ለሚፈልግም ሥራ ይፈለግለት ነበር። እርዳታው ሲቋረጥ፣ አይዳ በ1913 በፍርድ ቤት ተቀጥራ በገደብ የተለቀቁ ሰዎችን ስትከታተል፣ ከምታገኘው የወር 150 ዶላር ለቤቱ ኪራይ ትከፍል ነበር። እስከ 1920 ድረስ ቆየ።

በ1909 ኅዳር የሆነውንም ልንገራችሁ። ኬይሮ በምትባል የክፍለ ግዛቱ ደቡባዊ ከተማ፣ ሸሪፍ ከሚባለው የጸጥታ ሹም እጅ አንድ እስረኛ ተነጥቆ ተገደለ። ሕጉ እንዲህ ያለውን ሹም ከሥልጣኑ ያስወግደዋል፤ እርሱ ግን እንዲመለስ ለአገረ ገዥው አመለከተ። የአይዳ ባል ሄዳ እንድትከራከር በማዕድ ላይ ጠየቃት። አይዳ እምቢ አለች። ሁልጊዜ ራሷን ታስቀድማለች እያሉ ከገዛ ወገኖቿ የሚያሟት ብዙዎች ስለ ነበሩ ደክሟት ነበር። ትንሿን ልጇን ልታስተኛ ገብታ አብራ እንቅልፍ ወሰዳት። የ13 ዓመቱ ትልቁ ልጇ ቀስቅሶ፣ እርሷ ካልሄደች ሌላ የሚሄድ እንደሌለ ነገራት። በማግስቱ ጠዋት አባትና አራቱ ልጆች ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኟት።

ኬይሮ ስትደርስ ብዙ ጥቁሮች ራሳቸው ለሹሙ የድጋፍ ደብዳቤ ፈርመው አገኘቻቸው። ቤት ለቤት ዞራ ጠየቀች፤ ስብሰባ ጠርታም ሹሙ እንዳይመለስ የሚል ውሳኔ አስፈረመች። ከዚያ በአገረ ገዥው ፊት፣ ከሹሙ ጠበቆች ትይዩ ቆማ ባሏ ያዘጋጀውን ጽሑፍ አነበበች። አገረ ገዥው ሹሙን አልመልስም ብሎ ፈረደ።

ወደ ደቡብ ግን ለብዙ ዘመን አልተመለሰችም። በ1919 በአርካንሶ ክፍለ ግዛት ጥቁር ጭሰኞች የጥጣቸው ዋጋ በትክክል እንዲከፈላቸው ለመጠየቅ በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ሳሉ ተኩስ ተነሣ፤ ከዚያም እጅግ ብዙ ጥቁሮች ተገደሉ፤ አሥራ ሁለቱ በኤሌክትሪክ ወንበር እንዲሞቱ ተፈረደባቸው። አይዳ ገንዘብ አሰባስባ፣ ከእስረኞቹ ሚስቶችና እናቶች ጋር ዘመድ መስላ ወኅኒ ቤት ገባች። እስረኞቹ ስለ ሞትና ስለ ሰማይ ቤት እየዘመሩ ነበር። እርሷም ሰምታቸው፣ የሚጸልዩት ለመሞት ብቻ መሆኑ እንዳሳዘናት ነገረቻቸው፤ የጳውሎስንና የሲላስን ወኅኒ የከፈተው አምላክ የእነርሱንም ሊከፍት እንደሚችል አምነው ለመውጣት እንዲጸልዩ መከረቻቸው። ታሪኩን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ታገኙታላችሁ። ቺካጎ ተመልሳ የሰሙትን ሁሉ በመጽሐፍ አሳተመች። ብዙ ሰዎችም ከደከሙበት በኋላ በ1925 አሥራ ሁለቱም ነፃ ወጥተው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ቺካጎ ቤቷ ድረስ መጥቶ አመሰገናት።

በእርጅናዋ አንዲት ወጣት ምን ሠርታ እንደ ታወቀች ጠየቀቻት። ወጣቶቹ ያለፈውን እንደማያውቁ ስለ ተረዳች በ1928 የሕይወት ታሪኳን መጻፍ ጀመረች። መጋቢት 25 ቀን 1931 በ68 ዓመቷ በቺካጎ ዐረፈች። ጽሑፉን ያሳተመችው በዚያች የኬይሮ ሌሊት አብራት የተኛችው ትንሿ ልጅ አልፍሪዳ ናት፤ ከ39 ዓመት በኋላ በ1970 ወጣ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አላለቀም፤ አንድ ቃል እየጻፈች ሳለ በመካከሉ ተቋርጧል።